ሆቪክ ጃን

ወይዘሮ ሩዛን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ መናገር አይችሉም ነበር፤ መዝፈን ግን ይችሉ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ገላቸውን ሳጥባቸው ነው።

አፀደ እባላለሁ። የምኖረው አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል ነው፤ ሥራዬ ሆም ኬር ነው፣ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማልበስ። እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ ጋር እዘምራለሁ። ኤጀንሲው ወይዘሮ ሩዛን ጋ የላከኝ በፈረንጆቹ 2014 ነበር፤ ደንዉዲ፣ ከልጃቸው ከናሪኔ ጋር ወደሚኖሩበት አፓርትመንት። «አርመን ናቸው፣ ቀኝ ጎናቸው አይሠራም፣ አይናገሩም» ከማለት በቀር የነገረኝ ነገር አልነበረም።

አንድ ጠዋት የሻወር ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ጀርባቸውን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብ መዝፈን ጀመሩ። «ውሃ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለማውጣት ላብ እስኪያጠምቃቸው ከሚታገሉት ሴትዮ አፍ ሙሉ ዘፈን ሳይደናቀፍ ወጣ። ድምፃቸው ቀጥኗል፤ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዜማው ግን አንድም ቦታ አልሳቱም። ስፖንጁን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዘምር ኖሬ የሠለጠነ ድምፅ ከሌላው መለየት አያቅተኝም። ቋንቋውን ባላውቅም በየአዝማቹ የሚመላለስ አንድ ነገር ለየሁ፤ «ሆቪክ ጃን፣ ሆቪክ ጃን» ይላሉ።

ናሪኔ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። ናሪኔ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ያን ጊዜ ወደ አርባ ይጠጋታል፣ አላገባችም፣ ዝምተኛ ናት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሐኪሙ ነግሮኛል» አለችኝ። «ንግግርና ዘፈን ጭንቅላት ውስጥ ቦታቸው የተለያየ ነው አሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሊተርፍ ይችላል።»

«ሆቪክ ማን ነው?»

«አጎቴ። የእናቴ ታናሽ ወንድም።» ከዚያ ስልኳን አወጣች። «እናቴ ማን እንደነበረች ታውቂያለሽ? ላሳይሽ።»

ያሳየችኝ በጥቁርና ነጭ የተቀረፀ የድሮ ቴሌቪዥን ዝግጅት ነበር። አንድ ዓይነት ኮት የለበሱ ወንዶች ከኋላ ተደርድረው ጥሩምባና ቫዮሊን ይጫወታሉ፤ ከፊት አንዲት ቀጭን ሴት ፀጉሯን ከፍ አድርጋ ሠርታ እጇን ሳታወናጭፍ፣ ሳትወዛወዝ፣ ዝም ብላ ቆማ ትዘፍናለች። ያቺ ሴት አሁን ሳሎን ውስጥ ዊልቸር ላይ ተቀምጠው አገጫቸው ላይ የወረደውን ምራቅ የምጠርግላቸው ሴትዮ ናቸው ብሎ ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

ታሪካቸውን ከናሪኔ ቀስ በቀስ ሰማሁት። ወይዘሮ ሩዛን ሌኒናካን በምትባል የአርመን ከተማ ተወልደው ገና በልጅነታቸው ወደ ዋና ከተማዋ ወደ የሬቫን ሄዱ፤ የመንግሥት ኦርኬስትራ ውስጥ ገቡ። ያን ጊዜ፣ በሶቪየት ዘመን፣ ዘፋኝ የፈለገውን አይዘፍንም። ዘፈኑ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ኮሚቴው ግጥሙን ያያል፣ ዜማውን ያያል፣ የቀሚሱን ርዝመት ሳይቀር ያያል። እሳቸው ታሽኬንት፣ ቪልኒዩስ፣ ሞስኮ እየዞሩ የተፈቀደውን ሲዘፍኑ፣ ቤታቸው ግን የራሳቸውን ይጽፉ ነበር። የሚጽፉት ለሮክ የሚሆን ነበር። በዚያው ዘመን የተማሪዎች ሮክ ባንድ ውስጥ ጊታር እየመታ የሚዘፍን ቫሃግን የሚባል ጎረምሳ አገኙና ተጋቡ። ዘፈኖቹ በእሳቸው ስም ቢወጡ ኦርኬስትራው ስለሚያባርራቸው በእሱ ስም ወጡ። እሱ ዘፈኖቹን በምድር ቤትና በተማሪ አዳራሽ ተጫወታቸው፤ ስሙም በዚያ ተነሣ።

ከዚያ በ1988 የመሬት መንቀጥቀጡ ሌኒናካንን አፈረሳት። ሆቪክ የካልሲ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ላዩ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ሩዛን ሄደው ከፍርስራሹ አጠገብ ቆመው ስሙን ሲጠሩ ውለው፣ ሲጠሩ ሰንብተው ተመለሱ። የመጣላቸው ዘፈን ያ ነው። «ካፖርትህ ምስማሩ ላይ ነው፣ ሆቪክ ጃን፣ ሳትለብሰው ወጣህ፣ ይበርድሃል።» ጃን ማለት እኛ «የኔ ውድ» እንደምንለው ነው።

ቫሃግን ዘፈኑን ወሰደው። ሆቪክ ጃን የሚለውን አወጣና «ያር ጃን» አደረገው፤ የኔ ፍቅር እንደማለት ነው። ጥላው የሄደች ሴት ካፖርቷን እንደረሳች አስመስሎ ሞስኮ ዘፈነው፣ ፓሪስ ዘፈነው፤ አርመኖች ባሉበት አገር ሁሉ ሠርግ ላይ ሰው ተቃቅፎ የሚጨፍርበት ዘፈን ሆነ። የሬቫን መብራት ጠፍቶ ሰው የቤት ዕቃውን እያነደደ በሚሞቅበት ክረምት፣ «ኮንሰርት አለኝ» ብሎ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በዚያው ቀረ። ናሪኔ ያኔ የአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች። እናትየው ሬስቶራንት ውስጥ ለሚበሉ ሰዎች እየዘፈኑ አሳደጓት። ልጅቱ ለትምህርት አትላንታ መጥታ ሥራ ስትይዝ አመጣቻቸው፤ እሳቸውም ስትሮኩ እስኪጥላቸው ቻምብሊ ውስጥ ልብስ ማስተካከያ ቤት ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ዚፕ ሲቀይሩ ኖሩ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ሰውየውን ሳላየው ጠላሁት። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። አፌ እምቢ ይለኛል።

በ2016 ጸደይ ናሪኔ ያልተለመደ ፈገግታ ይዛ ቤት ገባች።

«አባቴ ደወለ» አለችኝ። «የመድረክ አርባኛ ዓመቱን እያከበረ ነው። አሜሪካን እየዞረ ነው፣ አትላንታም ይመጣል። እማዬ መድረክ ላይ አብራው እንድትወጣ ይፈልጋል።»

«መድረክ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። አጠገቡ ትቀመጣለች። ሊያመሰግናት ነው፣ አፀደ። በሕዝብ ፊት።»

ለእናቷ ስትነግራቸው ነበርኩ። ወይዘሮ ሩዛን ለረጅም ጊዜ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ጤነኛዋን ግራ እጃቸውን አንሥተው ጉንጯን ነኩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ያሉት ለእሱ ብለው እንዳልሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር። ልጅቱ ከሃያ ዓመት በላይ ያጣችውን አባት በአንድ የስልክ ጥሪ ያገኘች መስሏት ነበር፤ ያንን ሊነጥቋት አልፈለጉም።

ዝግጅቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቻምብሊ ባለ የሠርግ አዳራሽ ነበር። አብራኝ የምትዘምረውን ቲጂን «ዛሬ አልዘምርም፣ ሥራ አለኝ» ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ወይዘሮ ሩዛንን አጥቤ፣ ዳይፐራቸውን ቀይሬ፣ ናሪኔ የገዛችላቸውን ሰማያዊ ቀሚስ አልብሼ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ ወሰድኳቸው። አምረው ነበር። ናሪኔ ከእኛ ጋር መሆን አልቻለችም፤ አባቷ በር ላይ ሲዲ እንድትሸጥለት አቁሟት ነበር።

ከመድረኩ ጀርባ፣ ከኩሽናው አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ግንባሩ ላይ በላብ ወርዷል። ጠባብ የቆዳ ሱሪ፣ በየጣቱ ቀለበት፣ ክፍሉን የሞላ ሽቶ። ሚስቱ የነበሩትን ሴት ሲያይ ቀረብ አላለም። በሩ አጠገብ እንደቆመ ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ ገበያ ላይ ከብት እንደሚያይ ሰው።

«አንገቷ ላይ ያለው ጨርቅ ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ምራቃቸው እንዳያርሳቸው ነው።»

«አውጪው።»

አወጣሁት። በመሐረብ አገጫቸውን ልጠርግ ስል እጄን ያዘኝ።

«አትጥረጊ። ሲወርድ ይውረድ። ሰው ማየት አለበት።»

«ምኑን ነው ማየት ያለበት?»

«ሕይወትን» አለኝ፤ መሐረቡን በሁለት ጣት ከእጄ ወስዶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው። «በሽተኛዋን እጇንም ወደፊት አውጪያት፣ ቀሚሷ ላይ፣ እንድትታይ።»

ወይዘሮ ሩዛን ይሰሙ ነበር። መናገር ያቅታቸዋል እንጂ መስማት አያቅታቸውም። ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። እጃቸውን አላወጣሁትም፤ መጥቶ ራሱ አወጣው፤ ከዚያ ከኪሱ ሳኒታይዘር አውጥቶ መዳፉን እያፋተገ ወደ መድረኩ ሄደ።

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ አርመኖች፣ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች፣ ልጆቻቸው። ሰውየው ሦስት አራት ዘፈን ዘፈነ። ድምፁ አልቋል። ከበስተኋላው የተቀዳ የጎልማሳነት ድምፁ አብሮት ይሄዳል፤ እሱ ከንፈሩን ያገናኝበታል። ከዚያ መብራቱ ደብዘዝ አለና «ይህን ዘፈን የጻፍኩላት ሴት ዛሬ እዚህ አለች» አለ። አንዱ ሠራተኛ ዊልቸሩን ገፍቶ አወጣቸው። ሕዝቡ ምራቁንም እጁንም አየ፤ ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ሰውየው ተንበርክኮ ያንን የማይሠራ እጅ ይዞ «ያር ጃን» እያለ ጀመረ። በግማሹ አዳራሽ ስልክ ተነሣ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ወይዘሮ ሩዛን አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ መጋረጃው አጠገብ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። በዚያ ቀጭን ድምፃቸው ዜማውን ከእሱ አንሥተው ቀጥ አድርገው ያዙት፤ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ «ሆቪክ ጃን» አሉ። ማይኩ በመካከላቸው ስለነበር ስሙ በድምፅ ማጉያው ወጣ። ሰውየው ፊቱ ለአንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ወዲያው ማይኩን አራቀ፤ ለድምፅ ባለሙያው በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ የተቀዳው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። እሳቸው ግን አላቆሙም። ያኔ መዳፉን አነሣና አፋቸው ላይ አደረገው። ከሩቅ ሲታይ ጉንጭ እየደባበሰ ይመስላል። እኔ ካለሁበት ግን ጣቶቹ መንጋጋቸውን ጨብጠው አያለሁ፤ ቀለበቱ ከንፈራቸውን ተጭኖታል። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልለቀቀም። ከዚያ ግንባራቸውን ሳማቸው። ሕዝቡ ቆሞ እያለቀሰ አጨበጨበ።

ዘልቄ ወጥቼ ዊልቸሩን ወደ ኋላ ጎተትኩ። የታችኛው ከንፈራቸው ውስጡ ተሰንጥቆ ደም ከምራቃቸው ጋር ወርዷል። እሱ ተከትሎን ገባና ኩሽናው ውስጥ ባለው ቧንቧ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፣ እንደገና ተጉመጠመጠ። ግንባር የሳመ አፍ ነው እንዲህ የሚታጠበው። ከዚያ ዞር ብሎ «ትሸታለች፤ አልቀየርሻትም?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ደሙን በእጅጌዬ ጠረግሁላቸው። አፌን ብከፍት ሌላ ነገር ሊወጣ ይችል ነበር።

ያን ቀን ለናሪኔ «ከንፈራቸው ተሰንጥቋል፣ እሱ ነው» አልኳት። «መድረክ ላይ ሲያቅፋት ይሆናል» አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር፤ አባቷ ትከሻዋን አቅፎ ለሰው ሁሉ «ልጄ» እያለ አስተዋውቋታል። ከዚያ በላይ መግፋት አልቻልኩም።

ቪዲዮው በሳምንቱ ዓለምን ዞረ። አንዱ ርዕስ «እውነተኛ ፍቅር ይህ ነው» ይላል። ቲጂ በመዘምራኑ የቫይበር ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ቲጂ ልጅ እግር ናት፣ ልቧ ደግ ነው፣ ግን ያየችውን ሁሉ ታምናለች። ልምምድ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ እንደገና ከፈተችው።

«አፂ፣ አየሽው? አይ ሚን፣ በዚህ ዘመን እንደዚህ ዓይነት ወንድ አለ? ፓስተር ለጋብቻ ትምህርት ሊያሳየው ነው።»

«እኔ እዚያ ነበርኩ» አልኳት። «የማጥባቸው ሴትዮ ናቸው። አፋቸውን እያፈነ ነው።»

«ኖ፣ እየደባበሳት ነው እንጂ።»

«ቲጂ፣ አፍኗቸዋል።»

ስልኳን ወደ ራሷ መለሰች። «አንቺ ደግሞ በጣም ኔጌቲቭ ነሽ» አለችኝ፤ በፍቅር ነው ያለችው። ፓስተሩም አሳየው። ባልና ሚስቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንባቸውን ሲጠርጉ ከኋላ ቆሜ አየሁና ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ግን ቆርጬ ናሪኔ ቤት ገባሁ። ከቪዲዮዎቹ መካከል ከፊት ወንበር የተቀረፀ አንድ ነበር። ናሪኔ ወንበር ስባ እንድትቀመጥ ነገርኳትና ጆሮ ማዳመጫ ሰጠኋት።

«ምስሉን አትመልከቺ» አልኳት። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ።»

ሰማች። መልሳ ሰማች። ማዳመጫውን አውጥታ እናቷን አየች። ወይዘሮ ሩዛን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እርጎ እየበሉ ነበር።

«ሆቪክ አለች» አለች ናሪኔ። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙን ጠራችው። እኔ በር ላይ ሲዲ እሸጥ ነበር።»

ከዚያ ምስሉን አየችው። መዳፉ ሲነሣ አየችው። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ተኮማተረ፣ የተበላሸ ነገር የቀመሰች ይመስል።

ከዚያ ሰውየው ሎስ አንጀለስ ትልቅ አዳራሽ ተከራይቶ እንደገና አትላንታ መጣ። በዚህ ጊዜ እናትየውን በአውሮፕላን ሊወስድ ነው። አበባ ይዞ፣ አንድ ባለ ካሜራ አስከትሎ ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኳ። ናሪኔ ከፈተችለት፤ ግን ከበሩ ላይ አልተንቀሳቀሰችም።

«አፏን ለምን ያዝካት?» አለችው። የተነጋገሩት በአርመንኛ ነው፤ ኋላ ነው የተረጎመችልኝ።

«ዘፈኑን ልታበላሽ ነበር።»

«ዘፈኑ የሷ ነው።»

«ሕዝቡ ሆቪክን አያውቅም» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ እንኳን የለም። «ሕዝቡ የሚያውቀው እኔን ነው። እኔ ባልወስደው ኖሮ ያ ዘፈን ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ሲላጥ የሚዘፈን ሆኖ ይቀር ነበር። ልታመሰግነኝ ይገባል።»

ወይዘሮ ሩዛን ሳሎን ውስጥ ሆነው ይህን ሰሙ። በግራ እጃቸው የዊልቸሩን ጎማ ገፉ። እኔ ልረዳቸው ስነሣ ተውኝ ብለው ምልክት ሰጡኝ። አንዱ ጎማ ብቻ ሲገፋ ወንበሩ ይዞራል፤ እየዞሩ፣ እየተስተካከሉ፣ ግድግዳውን እየታከኩ በሩ ድረስ ደረሱ። ከታች ወደ ላይ ፊቱን እያዩ ዘፈኑን ጀመሩ። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው፤ ሆቪክ ጃን በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እየሰደቡት ነበር። ቃል የላቸውምና ባላቸው ነገር ነበር የሚሰድቡት። አርመንኛ ለማላውቀው ለእኔ እንኳን ገባኝ።

ሰውየው ገብቶት ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁ። ዞሮ ለባለ ካሜራው በሹክሹክታ ሲናገር ሰማሁት፤ ይህችን በእንግሊዝኛ ነበር ያላት።

«እየቀረፅክ ነው? ቅረብ። ዓይኗን ያዝ። ይህን ስክሪኑ ላይ እናደርገዋለን።»

ናሪኔ አበባውን ከእጁ ነጥቃ ኮሪደሩ ላይ ወረወረችው፤ ባለ ካሜራውን በሁለት እጇ ደረቱን ገፍታ አስወጣችው። «አጥፋው» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ነካካ፤ «አጠፋሁት» አለ። አላጠፋውም። ሎስ አንጀለስ ላይ የወይዘሮ ሩዛን ፊት ቤት በሚያክል ስክሪን ላይ ታየ። ድምፃቸው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የሚሰማው የእሱ «ያር ጃን» ነበር። ናሪኔ ቪዲዮው ላይ እውነቱን ጻፈች። አንዳንዶች «የቤተሰብ ጠብ አደባባይ አታውጪ» አሏት፤ ሌሎች ደግሞ እናቷ በበሽታ የተነሣ የምትለውን አታውቅም ብለው መለሱላት። ከዚያ ጽሑፏም ጠፋ፤ ማን እንዳጠፋው አላወቀችም።

ወይዘሮ ሩዛን ያለፉት በ2018 ክረምት ነው፤ ሁለተኛ ስትሮክ ነበር፣ አልቆዩበትም። በቀብሩ ቀን ናሪኔ ዘመድ ስለሌላት ከማለዳው ጀምሮ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ሰው ከመምጣቱ በፊት የቀብር ቤቱ ሠራተኛ ሁለት ሰው የሚሸከመው የአበባ ጉንጉን አስገባ። ቀይ ጽጌረዳ፣ ወርቃማ ሪባን። ናሪኔ ሪባኑን ዘርግታ አነበበችልኝ፤ «ለዘፈኔ እናት፣ ከቫሃግን» ይላል። የእሱ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ የእሳቸው ስም የለበትም።

«ያዢልኝ» አለችኝ።

በኋላ በር አወጣነው። ከሕንፃው ጀርባ የቆመው ትልቁ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አልገባ አለን፤ ሰፊ ነው። መሬት ላይ አጋደምነውና በጥቁር የለቅሶ ጫማችን ረገጥነው፤ የሽቦው አጥንት እስኪታጠፍ ድረስ። ናሪኔ አንድ ጊዜ ጀምራ ማቆም አቃታት፤ ትንፋሿ ተቆራርጦ እስክትቀመጥ ረገጠችው። ከዚያ አጥፈን ጣልነው፤ ቀሚሳችን ላይ የተጣበቀውን ቅጠል ለቅመን ገባን።

ከሰዓት በኋላ፣ ከመቃብር ስንመለስ፣ ቲጂ ልታጽናናኝ ደወለችልኝ። መሞታቸውን ኢንተርኔት ላይ አይታለች። ሰውየው የጉንጉኑን ፎቶ ከአበባ ሻጩ አስልኮ ለጥፎታል፤ ሰው የልብ ምልክት እየደረደረበት ነው።

«አየሽው አበባውን? እንዴት ያምራል» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኳት።